ሐይቅ የሌለው ሠፈር
በጅጅጋ ዙሪያ ስለነበሩትና ስላሉት የስደተኞች መጠለያዎች ታሪክና አገልግሎት



ከአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት ጋር ተቀምጬ ስለ ሥራችን ስናገር፣ አንድ የአሥራ አራት ወይም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ እናንተ የምትሠሩበት ካምፕ ሐይቁ ቅርብ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥቂት ጎልማሶች ሳቁ። ልጁ ግን ጥፋት አልነበረበትም። እርሱ የሚያውቀው ካምፕ በላንጋኖ ወይም በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ለአንድ ሳምንት የሚተከል ድንኳን ነው። ጠዋት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ከሰዓት ዋና፣ ማታ በእሳት ዙሪያ መዝሙር ያለበት፣ ወላጅ ስንቅ ቋጥሮ የሚልክበት ካምፕ ነው።

በዕድሜ የገፉት ወንድሞቻችን ደግሞ ካምፕ ሲባል ስካውት ትዝ ይላቸዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት በየትምህርት ቤቱ ካኪ ለብሰው፣ መሐረብ አንገታቸው ላይ አስረው የሚወጡ ተማሪዎች ነበሩ። ይህ እንቅስቃሴ የተጀመረው ቤደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1899 ዓ.ም. ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ በሠፈረ ጊዜ ነው። ስካውቶች ከተማሯቸው ደንቦች አንዱ እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። ይኸውም፣ ድንኳን ነቅላችሁ ስትነሡ ሥፍራውን ካገኛችሁት አሻሽላችሁ ተዉት የሚለው ነው።

ለልጁ በአጭሩ «ሐይቅ የለም» ብዬ መለስሁለት። ሙሉው መልስ ግን ረዘም ያለ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ላቀርበው ወደድሁ። በጅጅጋ ዙሪያ ካምፕ ማለት እጅግ ብዙ ሕዝብ፣ ሐይቅም ወንዝም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ለሳምንት ሳይሆን ለዓመታት የሚሠፍርበት ቦታ ነው። የዚህን ሠፈር ታሪክና ያለውን አገልግሎት ስንመረምር የስካውቶቹን ደንብ እንደ መለኪያ እንይዛለን። ሠፋሪው ሲነሣ ለአገሩ ሰው ምን ቀረለት?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የቦታው ጠባይ

ከሐረር ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ የካራማራ ተራራ ከታለፈ በኋላ ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። ጅጅጋ በዚህ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ነፋሻና ተስማሚ ነው። ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት ሜዳው በማሽላ፣ በበቆሎና በሣር ይሸፈናል። ለእንግዳ ዓይን ውሃ የሚቸግረው አገር አይመስልም።

ችግሩ የዝናቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን የሚቆይበት ሥፍራ ማጣቱ ነው። የጀረርና የፋፈን ሸለቆዎች ከጅጅጋ አካባቢ ተነሥተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳሉ። ዝናብ ሲጥል በጎርፍ ይሞላሉ፤ ሲያባራ ግን አሸዋ ብቻ ይቀራል። ሕዝቡም አሸዋውን ቆፍሮ ውሃ ይቀዳል። ከዚህ ወጥቶ ወደ ሐርትሼክና ወደ ሐርሺን፣ ማለት ሐውድ ወደሚባለው የግጦሽ አገር ሲገባ፣ ያም አሸዋ አይገኝም። የከርሰ ምድሩ ውሃ እጅግ ጥልቅ በመሆኑ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ አይደርስበትም። ስለዚህ የጥንቱ አርብቶ አደር ሐውድን የሚያውቀው በዝናብ ወራት ነበር። «ጉ» የሚባለው የበልግ ዝናብ ሲጥል ከብቱን ይዞ ይገባል፤ «ጅላል» የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቀው ደረቅ ወቅት ሲመጣ ውሃ ወዳለበት ይመለሳል።

ይህን ልማድ የለወጠው ቢርካ ነው። ቢርካ በምድር ውስጥ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚለበጥ የጎርፍ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሐውድ እየበዛ በመሄዱ ሰው በደረቅ ወራትም እዚያው መቆየት ጀመረ፤ መንደሮችም ተቆረቆሩ። ሐርትሼክን የመሰሉ ሥፍራዎች የቆሙት ከሰማይ በወረደ፣ በእጅ በተጠራቀመ ውሃ ነው።

ሐይቅስ? በዚህ አቅጣጫ ለጅጅጋ ቅርብ የሆነው ስመ ጥር ሐይቅ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የሐረማያ ሐይቅ ነው። እርሱም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደርቆ ከብት የሚግጥበት መስክ ሆኖ ነበር። ለመስኖና ለከተማ ውሃ ያለ ልክ ተቀዳ፤ ከዙሪያው ኮረብታ የታጠበ አፈር ሞላው፤ ፀሐዩም የቀረውን አተነነው። በቅርብ ዓመታት ውሃው በከፊል ተመልሷል። ቢሆንም ያ ሐይቅ አንድ ነገር አስተምሮን አልፏል። ሐይቅ አጠገብ መሥፈር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ያልተጠበቀ ውሃ ያልቃል።

ሠፈሩ እንዴት ተጀመረ

በዚህ ድንበር ስደት በሁለቱም አቅጣጫ ሄዷል። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተይዛ በዚያው ዓመት በየካቲት ነፃ ወጣች። በዚያ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የዚህ አካባቢ ሕዝብ በመቶ ሺዎች ወደ ሶማሊያ ተሰድዶ በዚያ በመጠለያ ኖሯል። ዛሬ በጅጅጋ የምናገኛቸው ብዙ ሽማግሌዎች የራሽን ካርድ ምን እንደሆነ ለማንም ከመንገራቸው በፊት ራሳቸው ይዘውት ያውቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ሲሞላ ነገሩ ተገለበጠ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። ይህ ስምምነት በኢትዮጵያ ምድር ሆኖ ይዋጋ የነበረውን የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መቆሚያ አሳጣው። ንቅናቄውም በግንቦት ወር ወደ ሰሜን ሶማሊያ ገብቶ ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። የሲያድ ባሬ መንግሥት የሰጠው መልስ የራሱን ከተሞች በመድፍና በአውሮፕላን መደብደብ ነበር። ሐርጌሳ ፈረሰች። ሕዝቡም እናት ልጇን አዝላ፣ ሽማግሌ በትሩን ተመርኩዞ፣ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ።

ሐርትሼክ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ለድንበሩ ቀረብ ብሎ፣ በገላጣ ሜዳ ላይ ነበር። ቦታው የተመረጠው ውሃ ስላለው ሳይሆን ስደተኞቹ መጥተው የቆሙት እዚያ ስለነበር ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ መንደርተኛው ሕዝብ በእንግዶቹ ተዋጠ። በኋላም የሠፋሪው ቁጥር እስከ 250,000 ደርሶ፣ ሐርትሼክ በዓለም ካሉት የስደተኞች መጠለያዎች ሁሉ ትልቁ እስከመባል ደረሰ።

በጥር 1983 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ሁለተኛ ማዕበል መጣ። በተፈሪ በር፣ ማለት በአውበሬ፣ በደርወናጂና በቀብሪበያህ ተጨማሪ ሠፈሮች ተከፈቱ። ቀደም ሲል ወደ ሶማሊያ ተሰድደው የነበሩ ኢትዮጵያውያንም በዚያው ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በስምንት መጠለያዎች የተጠለለው ሕዝብ ብዛቱ ከ600,000 አልፎ ነበር።

በሠፈሩ ውስጥ የነበረው አገልግሎት

አንድ መጠለያ ጣቢያ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ዛሬ በረድኤት ድርጅቶች ዘንድ የታወቁ መመዘኛዎች አሉ። እነዚህን ማወቅ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ግዴታ ነው፤ ለምዕመናንም መዋጮአቸው ምን እንደሚሠራ ያስረዳቸዋል።

መጠለያ፦ ለአንድ ሰው በጣሪያ ሥር ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። በሐርትሼክ ግን ሸራ ከመድረሱ በፊት መጠለያውን የሠሩት ሴቶቹ ናቸው። የሶማሌ ሴት «አቃል» የሚባለውን ጎጆ እንጨት አጉብጣ፣ በሰሌንና በጨርቅ ሸፍና መሥራት ከእናቷ ትማራለች። የዕርዳታው ሸራ የለበሰው ይህንኑ የሴቶቹን አጥንት ነው። ለጎጆውና ለማገዶ የሚሆነው እንጨት ግን ከዙሪያው ዱር የመጣ በመሆኑ፣ ዓመታት በተቆጠሩ መጠን ጫካው ከሠፈሩ እየራቀ ሄደ።

ምግብ፦ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ መመዘኛው ነው። እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ይታደላል። ነገር ግን ሆድ መሙላት ብቻውን እንደማይበቃ ሐርትሼክ አሳይቷል። በ1981 ዓ.ም. በዚያ ስከርቪ የተባለው በሽታ ታየ። ድድ ይደማል፤ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ እግር መራመድ ይሳነዋል። ምክንያቱ በደረቅ ራሽን ውስጥ ቪታሚን ሲ አለመኖሩ ነው። ወተት የለመደ አርብቶ አደር ከብቱን አጥቶ፣ አትክልትም ሳያገኝ፣ ወር ከወር እህል ብቻ ሲበላ የሚደርስበት ይህ ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ትኩስ ወተት ከመድኃኒት የማይተናነሱበት ጊዜ እንዳለ ልብ እንበል።

መጸዳጃ፦ መመዘኛው ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ነው። ለ250,000 ሰው 12,500 ማለት ነው። ይህን ያህል ጉድጓድ በጠንካራ መሬት ላይ መቆፈር የስንት ሰው ጉልበት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምት።

ጤናና ትምህርት፦ ክሊኒክ፣ የተጎዱ ሕፃናት የሚመገቡበት ጣቢያና ክትባት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። በተፋፈገ ሠፈር ኩፍኝ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋ በመሆኑ ክትባቱ አይዘገይም። ትምህርት ቤት በአብዛኛው ዘግይቶ ይመጣል። ሠፈሩ ለጥቂት ወራት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ግን ሐርትሼክ 16 ዓመት ቆየ፤ በተከፈተበት ዓመት የተወለደ ልጅ በተዘጋ ጊዜ ጎረምሳ ሆኖ ነበር።

የውሃው ሒሳብ

ከሁሉ በላይ የከበደው ውሃ ነው። መመዘኛው ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ይህ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በአንድ ላይ ነው። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤተሰብ 90 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አራት ተኩል ይሆናል። በተጨማሪም ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ እንዲኖር፣ ቧንቧውም ከጎጆው ከ500 ሜትር እንዳይርቅ፣ ወረፋውም ከግማሽ ሰዓት እንዳይበልጥ ይፈለጋል።

እንግዲህ በሐርትሼክ ልክ እናስላው። ለ250,000 ሰው 15 ሊትር በቀን 3,750,000 ሊትር ነው። ውሃው ከሩቅ፣ ከጅጅጋ በኩል በቦቴ መኪና ይመላለስ ነበርና፣ አንዱ ቦቴ 10,000 ሊትር ይይዛል ብንል በየቀኑ 375 ምልልስ ይጠይቃል። መኪናው በኮረኮንች መንገድ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ቢመላለስ እንኳ፣ ጎማ ሳይፈነዳ፣ ነዳጅ ሳይቋረጥ፣ 188 ቦቴ መሰለፍ አለበት ማለት ነው። በነፍስ ወከፍ አምስት ሊትር ብቻ እናድርስ ብንልም 125 ምልልስ ነው። እንግዲህ መመዘኛው በወረቀት ላይ የሚቀረው ሰው ልቡ ስለጨከነ አይደለም። ውሃ በሌለበት የተተከለ ሠፈር ሒሳቡ ራሱ ስለማይገጥም ነው።

ቦቴ አንድ ተጨማሪ ጉዳት አለው። ዋጋው በየቀኑ ይከፈላል፤ በማግሥቱ ግን የሚቀር ነገር የለም። መኪናው የቆመ ዕለት ጀሪካኑ ባዶ ነው።

ሠፈሩ ሲነሣ

ሐርጌሳና ቡርኦ እየተረጋጉ ሲሄዱ፣ በ1989 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስደተኞቹን በፈቃዳቸው የመመለስ ሥራ ጀመረ። ለጉዞና ለመቋቋሚያ የሚሆን ድጋፍ እየተሰጣቸው፣ በመኪና እየተጫኑ ወደ አገራቸው ገቡ። መጠለያዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ሐርትሼክ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ።

እዚህ ላይ የስካውቱን ደንብ እናንሣ። ሥፍራው ከተገኘበት ተሻሽሎ ተተወን? መልሱ ድብልቅ ነው። በሠፈሩ ዘመን ሐርትሼክ ትልቅ የገበያ ቦታ ሆና ነበር፤ የአገሩ ሰውም ነግዶ ተጠቅሟል። ሠፋሪው ሲነሣ ገበያው ቀዘቀዘ። የተመነጠረው ዱር ወዲያው አልተመለሰም። ቦቴዎቹም አብረው ሄዱ። ከሰማይ ውሃ እየጠበቀ ስደተኛውን የተቀበለው መንደርተኛ እንደገና ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። በዐሥራ ስድስት ዓመት በዚያ መንገድ የተመላለሰው ውሃ ሐይቅ የሚሞላ ነበር፤ ለአገሩ ግን አንድ ምንጭ እንኳ አላወረሰም።

የቀብሪበያህ ቧንቧ

ከጅጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቀብሪበያህ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። የዚህ ሠፈር ነዋሪዎች የበዙት ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ የመጡ ናቸው። የሐርጌሳ ሰዎች ሲመለሱ እነርሱ የሚመለሱበት ሰላም አላገኙም። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. የተከፈተው ሠፈር ሳይዘጋ ቀረ። በዚያ ተወልደው፣ አድገው፣ ወልደው ያሉ አሉ። ሠፈሩና ከተማው ጎን ለጎን በመሆናቸው እንግዳው የት እንደሚያበቃ፣ ነዋሪው የት እንደሚጀምር ለመንገደኛ አይለይም።

ቀብሪበያህም ለብዙ ዓመታት በቢርካና በቦቴ ውሃ ኖራለች። በደረቅ ወራት ከተሜውም ስደተኛውም ለአንድ ጀሪካን ይሻማ ነበር። በኋላ ግን ሌላ አሳብ ተያዘ። ውሃውን በመኪና ማመላለስ ቀርቶ በጀረር ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ውሃውም በፓምፕ እየተገፋ በቧንቧ መስመር እስከ ቀብሪበያህ ድረስ መጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር መስመሩ ለስደተኛው ብቻ አለመዘርጋቱ ነው። ከተማውም ሠፈሩም ከአንድ መስመር ይጠጣሉ።

መስመሩ ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። ፓምፕ ይበላሻል፤ ጄነሬተር ነዳጅ ይጠይቃል፤ ሕዝቡ በበዛ ቁጥር ውሃው ያንሳል። ነገር ግን የቧንቧው መበላሸት የሁሉም ችግር ስለሆነ ሁሉም ይጮኽበታል። የስደተኛው እናትና የከተማዋ እናት በአንድ ቦኖ ተሰልፈው ሲቆሙ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። በሠፈሩ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ስለዚህ ስጠይቃቸው «ስደተኛው ነገ አገሩ ይገባ ይሆናል፤ ቧንቧው ግን አይሰደድም» አሉኝ። «አዴር፣ እውነትዎን ነው» አልኋቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ሲሆን ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

ከዚህ በኋላ የተከፈቱት ሠፈሮችም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። በደቡብና በመካከለኛው ሶማሊያ ጦርነት ሲበረታ አውበሬ በ1999 ዓ.ም. እንደገና ለስደተኞች ተከፈተች፤ ሸደር በ2000 ዓ.ም. ተከተለች። በ2015 ዓ.ም. በላስ አኖድ በተነሣው ጦርነት በክልሉ ምሥራቅ፣ በዶሎ ዞን፣ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ስደተኞች እንዲማሩ፣ እንዲሠሩና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር እንዲኖሩ መንገድ ከፍቷል። ስለሆነም የስደተኛውን ውሃ ከአገሬው ውሃ ለይቶ ማቀድ ዛሬ ከሕጉም ከልምዱም ጋር አይሄድም።

ትንሹ ሐይቅ፦ ቢርካ

ጥልቅ ጉድጓድና ረጅም መስመር የመንግሥትና የታላላቅ ድርጅቶች ሥራ ነው። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዋጮ ሊሠራው የሚችለው ቢርካና የጣሪያ ውሃ ነው። ስለ አሠራሩ ጥቂት ነጥቦች ላስታውስ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የትምህርት ቤት ክፍል 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ 2,000 ሊትር ይወርድበታል። አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 1,600 ሊትር በአሸንዳና በሮቶ ሊያዝ ይችላል።

ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ቢርካ 600,000 ሊትር ይይዛል። ክፍቱን ከተተወ ግን ፀሐይና ነፋስ ይጠጡታል። በቀን ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተን 1,200 ሊትር ይጠፋል። ይህም 60 ጀሪካን ነው፤ ለ80 ሰው የቀን ውሃ ማለት ነው። በመቶ ቀን ጅላል 120,000 ሊትር፣ ማለት የቢርካው አምስተኛ እጅ፣ ማንም ሳይቀምሰው ይሄዳል። እንግዲህ ክዳኑ ጌጥ አይደለም። በቆርቆሮ ቢሆን የሚበልጥ ሲሆን፣ ባይቻል በእንጨትና በሰሌን መሸፈን ይጠቅማል።

ጎርፉ ወደ ቢርካው ከመግባቱ በፊት አፈሩን የሚጥልበት ትንሽ ጉድጓድ በመግቢያው ላይ ይኑር፤ ይህም በየዝናቡ ይጠረግ። ዙሪያው ይታጠር፤ ልጅና ፍየል የሚወድቁበት አጥር የሌለው ቢርካ ነውና። የከብት ገንዳ ራቅ ብሎ ይሠራ። ቢርካው ፈጽሞ ደርቆ ፀሐይ ከመታው ሲሚንቶው ይሰነጠቃልና ከሥሩ ጥቂት ውሃ ይቅርለት። የመጠጡ ውሃ ተጣርቶ በክሎሪን ይታከም፤ ለግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላም በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊቀርበት ይገባል።

ያልጠየቅነው ጥያቄ

ስለ ሌሎች ጉድለት ብቻ ጽፌ ስለ ራሴ ብተው ቅን አልሆንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ በተሳተፍሁበት አንድ ሥራ በአንዲት መንደር የውሃ ማጠራቀሚያና ቧንቧዎች ሠራን። ሥራው በጊዜው አለቀ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ሪፖርት ጻፍን። በሦስተኛው ወር ስንመለስ ሴቶቹ ከቧንቧው በጎድጓዳ ሳህን እየቀዱ ወደ ጀሪካን ሲገለብጡ አገኘናቸው። ቧንቧውን ከመሬት ያስቀረነው ዝቅ አድርገን ስለነበር ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከሥሩ አይገባም! የሚፈስሰው ውሃ ደግሞ ጭቃ ሠርቶ ትንኝ ያራባ ነበር።

ስብሰባ ያደረግነው ከወንዶቹ ሽማግሌዎች ጋር ነበር። ውሃ የሚቀዱት ግን ሴቶቹ ናቸው። ከእነርሱ አንዲቱን ጠርተን «አበዮ፣ ጀሪካንሽን አምጪና አሳዪን» ብንላት ኖሮ በአምስት ደቂቃ ታርመን ነበር። ቧንቧውን አፍርሰን እንደገና ሠራን። የባከነው ሲሚንቶ የእናንተ የምዕመናን መዋጮ ነበርና እነሆ በግልጽ እናገራለሁ። ከዚያ ወዲህ ጀሪካን ሳንይዝ ቧንቧ አንለካም።

ለምዕመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

አንዳንድ ወገኖች በቅንነት የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ጎረቤቶቻችን እምነታቸው ሌላ ነው፤ ስለ ምን እንደክማለን?» ይላሉ። ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞ በተቀመጠ ጊዜ ውሃ የለመነው ወገኖቹ በዕቃ እንኳ የማይተባበሩትን ሳምራዊት ሴት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከዚህም ጋር የቀይ መስቀልና የረድኤት ድርጅቶች በ1986 ዓ.ም. ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ዕርዳታ በችግር መጠን ብቻ እንዲሰጥና ለሃይማኖት ማስፋፊያ እንዳይውል ይጠይቃል። ውሃ ለተጠማ ሁሉ ነው፤ ምስክርነታችን ደግሞ ሥራውን በታማኝነት መሥራታችን ነው።

ስለዚህ ለምዕመናን የምናቀርበው ልመና ሦስት ነው። አንደኛ፣ ስትሰጡ ስለ ቧንቧው ብቻ ሳይሆን ስለ ጥገናውም ስጡ። አዲስ ነገር ለመሥራት ብዙ እጅ ይዘረጋል፤ ለተበላሸ ፓምፕ ማሰሪያ ግን ጥቂት ነው። በተለይ የውጭ ዕርዳታ በተመናመነበት በዚህ ጊዜ ይህ ቸል ሊባል አይገባም። ሁለተኛ፣ ስደተኛውን ብቻ ሳይሆን የተቀበለውንም ድሃ አስቡ። ሦስተኛ፣ በጅላል ወራት ጸልዩልን።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ ዕቅድ ሲነደፍ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህን ጥያቄ ጻፉ፦ ሠፋሪው ነገ ቢነሣ ለአገሩ ሰው ምን ይቀርለታል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ዕቅዱ ገና አላለቀም። የውሃ ኮሚቴውን ከስደተኛውም ከአገሬውም፣ ከወንዱም ከሴቱም አዋቅሩ። የመለዋወጫ ዕቃው በማን እጅ እንደሚቀመጥ ቧንቧው ከመከፈቱ በፊት ይታወቅ።

ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ የአባቱን ጉድጓዶች እንደገና እንዳስቆፈረ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እናነባለን። በመጀመሪያው ጉድጓድ እረኞች ተጣሉ፤ በሁለተኛውም ተጣሉ። እርሱ ግን አልፎ ሦስተኛውን አስቆፈረ፤ በዚያም ጠብ ስላልነበረ ሥፍራ ተገኘልን ብሎ ርኆቦት አለው። በሐውድ ላለ እረኛ ይህ ታሪክ ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ በየጅላሉ የሚያየው ነው።

ለዚያ ለጠየቀኝ ልጅ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ልጄ፣ ሐይቅ የለንም። ቢርካ አለን፤ ጉድጓድ አለን፤ አንድ የቧንቧ መስመርም ሁለት ሕዝብ አብሮ ይጠጣበታል። በሚመጣው ዓመት ወደ ላንጋኖ ስትሄድ ድንኳንህን ነቅለህ ከመነሣትህ በፊት ዙሪያህን ተመልከት፤ ካገኘኸው አሻሽለህ ተወው። እኛም በዚህ በደረቁ ሜዳ የምንደክመው ለዚሁ ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።